እጅ ላይ የሚነቃ ወርቅ

ሥዕሉን በስልኬ አንሥቼ አዲስ አበባ ለምትኖረው ታናሽ እኅቴ በላክሁላት ጊዜ መልሷ ወዲያው መጣ። «ጋሼ፣ ጽዋው ላይ ያለው ቡናማ እድፍ ምንድን ነው? ቡና ፈሶበት ነው?» አለችኝ። ፎቶውን ደግሜ ባየው እውነቷን ነው፤ ስልኩ ያሳያት የደረቀ ጭቃ የመሰለ ጠቆር ያለ ነገር ብቻ ነው። እኔ ግን ፎቶውን ያነሣሁት በተለይ ያንን ቦታ እንድታይልኝ ብዬ ነበር። ስለዚህ የጠረጴዛውን መብራት አብርቼ፣ ወረቀቱን ከነማቀፊያው በሁለት እጄ ይዤ፣ ልጄ ስልኩን እንድትይዝልኝ አድርጌ፣ በጥቂቱ ዘንበል ቀና እያደረግሁ ቪዲዮ ላክሁላት። ቡናማው ነገር ከጽዋው ጠርዝ ጀምሮ ቀስ እያለ ወገግ አለ፤ በጽዋው ሆድ ላይ የተሣሉት ማዕበሎች አንድ በአንድ በሩ፤ ወረቀቱ ወደ ቦታው ሲመለስ ደግሞ ጠፉ። «ውይ!» አለች በድምፅ መልእክት፤ «ወርቅ ነው እንዴ?»

ወርቅ አይደለም፤ ናስ ነው። ልጽፍ የተነሣሁት ስለዚያ ናስ፣ ከእርሱም ጎን ስለሚቆሙት ስለ መዳብ፣ ስለ ብርና ስለ ቆርቆሮ፣ እንዲሁም የጃፓን አታሚዎች በእንጨት ሳንቃ በሚያትሟቸው ሥዕሎች ላይ እነዚህን የብረታ ብረት ዱቄቶች ለምንና እንዴት እንዳኖሯቸው ነው። ቆርቆሮ ስል የቤት ክዳኑን ሳይሆን ቲን የሚባለውን ነጭና ለስላሳ ማዕድን ነው። የማነሣቸው ዓመታት ደግሞ ሁሉም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሥዕሉን ያገኘሁት እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ፣ አንድ አዛውንት አርፈው የቤታቸው ዕቃ ለሽያጭ በወጣበት ቅዳሜ ነው። ኑሮዬ ሥዕልና ፎቶግራፍ ለሰው ፍሬም ማድረግ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ቤት ስገባ ዓይኔ በቅድሚያ ወደ ግድግዳው ይሄዳል። በአንድ ጠባብ መተላለፊያ፣ መብራት በማይደርስበት ጥግ፣ ከስንዝር ትንሽ የሚያልፍ አራት ማዕዘን ሥዕል ተሰቅሎ አየሁ፤ ቁመቱ 20፣ ወርዱ 18 ሴንቲሜትር ያህል ነው። በላዩ ላከር በሚባል የሚያንጸባርቅ ቅብ የተለበጡ የተደራረቡ ጽዋዎች፣ አንድ ማንቆርቆሪያና የፕለም አበባ ያለበት ዘንግ ተሥለዋል፤ ከላይ በኩል ሁለት አጫጭር ግጥሞች በቀጭን ጽሕፈት ይወርዳሉ። 40 ዶላር ከፍዬ ስወጣ የገዛሁት ነገር ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ያወቅሁት ቤቴ ደርሼ ከፍሬሙ ሳወጣው፣ ወረቀቱ እጄ ላይ ሲዘነብል ነው። ያ ደብዛዛ ጽዋ ባልጠበቅሁት ሰዓት በራ።

እንዲህ ያለው ሥዕል ሱሪሞኖ ይባላል፤ ቃሉ በጃፓንኛ «የታተመ ነገር» ከማለት የዘለለ ትርጉም የለውም። ሱሪሞኖ በሱቅ የሚሸጥ አልነበረም። በኤዶ፣ ማለትም በዛሬዋ ቶኪዮ፣ ኪዮካ የሚባለውን ጨዋታ አዘል ግጥም የሚገጥሙ ማኅበሮች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች በተለይ ለአዲስ ዓመት ግጥማቸውን ለሠዓሊ ሰጥተው ሥዕል ያሠሩለታል፤ ወጪውን ራሳቸው ይሸፍናሉ፤ ከታተመም በኋላ እርስ በርስና ለወዳጅ ይሰጣጡታል። ሆኩሳይ፣ ቶቶያ ሆኬይ፣ ኩቦ ሹንማን፣ ያሺማ ጋኩቴይ የተባሉት ሠዓሊዎች ከሥራቸው ሰፊ ድርሻ ለዚህ ሰጥተዋል። ሆኩሳይ በ1821 የዛጎል ስሞችን መነሻ ያደረገ 36 ሱሪሞኖ ያለው ስብስብ ሠርቷል፤ በሚቀጥለው 1822፣ በምሥራቁ አቆጣጠር የፈረስ ዓመት ስለነበር፣ ከፈረስ ጋር ስም ወይም ነገር የሚገናኝ ሁሉ የታየበት ሌላ ስብስብ አወጣ። ገንዘቡ ከገዢ ሳይሆን ከደጋሽ የሚመጣ ስለሆነ አታሚው እጁን አይሰበስብም። ወረቀቱ ወፍራምና ለስላሳ ነው፤ ሳንቃው በጥንቃቄ ይቀረጻል፤ ናሱም፣ ብሩም፣ ቆርቆሮውም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ብልጭታን በታተመ ሥዕል ላይ የማኖር ፍላጎት ግን ከሱሪሞኖ ይቀድማል። በ1720ዎቹ ኡሩሺ-ኤ የሚባሉ ሥዕሎች ይሸጡ ነበር። ስማቸው «የላከር ሥዕል» ማለት ቢሆንም ላከር የለባቸውም፤ ጥቁሩ ቀለም ሙጫ እንዲበዛበት ተደርጎ እንደ ላከር ያንጸባርቃል፤ በልብሱና በጌጡ ላይ ደግሞ ሙጫ በእጅ እየተቀባ የናስ ፍቅፋቂ ይነሰነስበት ነበር። በ1765 የኤዶ ባለጸጎች ረጃጅሞቹና አጫጭሮቹ ወራት በሥዕሉ ውስጥ የተሸሸጉባቸው የቀን መቁጠሪያ ሥዕሎችን መለዋወጥ ጀመሩ። ለእነዚህ ሥዕሎች ብዙ ቀለም በብዙ ሳንቃ ማተም ተለመደ፤ ሠዓሊው ሱዙኪ ሃሩኖቡም ስሙ የገነነው በዚህ ነው። አዲሱ ሥራ ኒሺኪ-ኤ ተባለ። ኒሺኪ በወርቅና በኅብረ ቀለም ክር የተሠራ ከባድ ሐር ነው፤ እኛ ወርቀ ዘቦ የምንለው። እናም ስሙን ወደ አማርኛ ላምጣው ብል «የወርቀ ዘቦ ሥዕል» ከማለት የተሻለ አላገኝም። ወረቀት ላይ የሚሠሩት ሰዎች ዓይናቸው ጨርቅ ላይ እንደነበር ስሙ ይናገራል፤ ጨርቅ ደግሞ ለባሹ ሲንቀሳቀስ የሚያበራ ነገር ነው።

ሚካን በዚህ ወገን የሚቆጥሩ ብዙዎች አሉ፤ ነገር ግን ሚካ ብረታ ብረት አይደለም፤ በቀጫጭን ቅጠል የሚላጥ ድንጋይ ነው። የታወቁት የሚካ ሥዕሎች የሻራኩ ናቸው። ይህ ሰው በ1794 ድንገት ብቅ ብሎ ለአሥር ወር ያህል ብቻ ሠርቶ የጠፋ ሲሆን፣ በአሳታሚው በጹታያ ጁዛቡሮ በኩል ያወጣቸው የመጀመሪያዎቹ 28 የተዋናይ ፊቶች በስተኋላቸው ጠቆር ባለ ሚካ ተሸፍነዋል። ሠዓሊው ኡታማሮም ከእርሱ አንድ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ሴቶቹን በነጭ ሚካ ፊት አቁሟቸዋል። የሚካ ብርሃን ቀዝቃዛና የተረጋጋ ነው፤ ከአየር ጋር አይጣላም፤ ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶም ያው ነው፤ ችግሩ እየተፈረፈረ መርገፉና የጣት አሻራ መያዙ ነው። የብረታ ብረቱ ጠባይ ከዚህ ይለያል። ናስ፣ መዳብና ብር ወረቀቱ ላይ ከተቀመጡበት ቀን ጀምሮ ይለወጣሉ፤ እኔ ለእነርሱ ያደላሁትም በዚህ የተነሣ ነው።

ሕጉም በነገሩ ውስጥ አለበት። የኤዶ መንግሥት ቅንጦትን በየጊዜው በአዋጅ ያግድ ነበር። ከ1790 ጀምሮ ለገበያ የሚወጣ ሥዕል የመርማሪ ማኅተም ሊያርፍበት ግድ ሆነ፤ በ1791 ጹታያ ራሱ ባሳተማቸው መጻሕፍት ምክንያት ከሀብቱ ግማሹ ተወረሰበት። በ1842 ደግሞ የተዋናዮችና የአዝማሪ ቤት ሴቶች ሥዕል ተከለከለ፤ በአንድ ሥዕል ላይ የሚታተመው የቀለም ብዛት ተወሰነ፤ ዋጋውም በዘመኑ ገንዘብ ከ16 ሞን እንዳያልፍ ተባለ። ሱሪሞኖ የግል ስጦታ በመሆኑ በዚህ ወንፊት አያልፍም ነበር፤ አብዛኞቹ የመርማሪም የአሳታሚም ምልክት የሌለባቸው ስለዚህ ነው። በኦሳካ ከተማም ክልከላው በ1847 ገደማ ሲላላ፣ የተዋናይ ሥዕሎች ተመልሰው የመጡት በትንሽ ወረቀት ላይ ሆነው፣ ግን በብረታ ብረት ዱቄት አጊጠው ነው። የኦሳካውን ሠዓሊ የሂሮሳዳን ሥራዎች ያየ ሰው፣ የወረቀቱ ማነስ የወሰደውን ናሱ እንደካሰው ይረዳል።

16 ሞን ካልሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ዘመን 16 ሞን ሶባ የሚባለው ፓስታ መሰል ምግብ የአንድ ጎድጓዳ ሳህን ዋጋ ነበር። በ1768 ደግሞ መንግሥት ባለ 4 ሞን አዲስ ሳንቲም አወጣ፤ ሳንቲሙ ከናስ የተሠራ ሲሆን በጀርባው ማዕበል ተቀርጾበታል። ስለዚህ አንድ የኤዶ ሰው ሥዕል ለመግዛት ከኪሱ የሚያወጣው አራት የናስ ሳንቲም ነው ማለት ነው። በሥዕሎቹ ላይ ስለሚታየው ናስ «ሐሰተኛ ወርቅ» እየተባለ ሲጻፍ ባነበብሁ ቁጥር እነዚህ ሳንቲሞች ይታወሱኛል። ያ ሰው የናስን መልክ በየቀኑ በመዳፉ ያውቀዋል፤ ሲያበራም ሲጠለሽም አይቶታል። በስጦታ የደረሰው ሥዕል ላይ ያለው ወርቅ እንዳልሆነ ሊሰወረው አይችልም። አታሚው ያቀረበለት የወርቅን ብርሃን እንጂ የወርቅን ዋጋ አልነበረም፤ ስለዚህ ሐሰት የሚለው ቃል እዚህ ቦታ የለውም ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ሥዕሉን የሚሥለው፣ ሳንቃውን የሚቀርጸውና የሚያትመው የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ የብረታ ብረቱ ጉዳይ የአታሚው ነው። ወረቀቱ ኮዞ ከሚባል ዛፍ ልጥ የሚሠራ ነው፤ ልጡ ረጅም ስለሆነ ወረቀቱ ረጥቦ ደጋግሞ ቢታሽም አይቀደድም። ሳንቃው የዱር ቼሪ እንጨት ነው። አታሚው ቀለሙን በሳንቃው ላይ በብሩሽ ያዳርሳል፤ እርጥቡን ወረቀት በሳንቃው ጥግ በተቀረጹት ምልክቶች ልክ ያሳርፋል፤ ከዚያም ባሬን በሚባል፣ በቀርከሃ ሽፋን በተጠቀለለ ክብ ማሻሻ ከጀርባው ይዳምጠዋል። ለተራ ቀለም ይህ ይበቃል። የብረት ዱቄት ግን እንደ ቀለም አይሆንም፤ ከባድ ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይዘቅጣል፤ ወረቀቱም አይመጠውም። ቀለም ወደ ወረቀቱ ሥጋ ሲገባ ዱቄቱ ግን ላዩ ላይ ይቀራል፤ የሚይዘው ነገር ካላገኘ ሲደርቅ ይረግፋል።

የሚይዘው ነገር ኒካዋ ነው፤ ከእንስሳት ቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣ ሙጫ። አታሚው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ዱቄቱን ከሙጫው ጋር አዋሕዶ በሳንቃው ላይ መቀባትና እንደ ቀለም ማተም ነው፤ ይህ ለቀጫጭን መስመሮችና ለትናንሽ ሐረጎች ይመቻል፤ ሁል ጊዜ እያማሰሉ በፍጥነት መሥራትን ይጠይቃል እንጂ። ሁለተኛው ሙጫውን ወይም የሩዝ ልጥፉን ብቻ በሳንቃ አትሞ፣ ገና እርጥብ ሳለ ዱቄቱን ከላይ መነስነስና ሲደርቅ ትርፉን በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ነው። በሁለተኛው መንገድ ዱቄቱ ስለማይዳመጥና በሙጫው ስለማይዋጥ ብርሃኑ ይበልጣል።

የእኔ ሥዕል በየትኛው መንገድ እንደተሠራ ለማወቅ አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ብዙ ምሽት አይቼዋለሁ። በባዶ ዓይን አንድ ወጥ የሚመስለው ወርቅማ ማዕበል በመነጽሩ ሥር እልፍ ደሴቶች ሆኖ ይበታተናል፤ በየመካከላቸው ወረቀቱ ሳይሆን ቢጫ ቀለም ይታያል። አታሚው መጀመሪያ ማዕበሉን በቢጫ አትሞታል፤ ናሱን ያለበሰው በዚያ ላይ ነው፤ ዱቄቱ ሳሳ ባለበት ቦታ ዓይን ክፍተቱን እንዳያይበት ብሎ። ማንቆርቆሪያው ላይ ያለው ግራጫ ዱቄት ደግሞ ከናሱ የደቀቀና የተጠጋጋ ነው፤ ብርሃኑም ጨረቃ ደመና ውስጥ ስትሆን እንደሚታየው ያለ ነው። ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ከጽዋው አራት ጣት ያህል ርቆ፣ ያለ ቀለም በባዶ ሳንቃ ተዳምጦ ጉብ ባለ የፕለም አበባ ቅጠል ላይ፣ አንዲት የናስ ቅንጣት ተቀምጣለች። ማንም እዚያ ሊያኖራት አላሰበም። ከሚነሰንሰው ሰው ጣት ወይም ወንፊት አምልጣ፣ ትርፉ ሲጠረግም ከአበባው ጉድጓድ ውስጥ ተሸሽጋ የቀረች ናት። ናሱ መነስነሱን ያወቅሁት በእርሷ ነው። ሥዕሉን ባወጣሁ ቁጥር አስቀድሜ የምፈልጋት እርሷን ነው።

ናስ የመዳብና የዚንክ ቅልቅል መሆኑ ለዘለቄታው ዕጣውን ይወስነዋል። እርጥበት ባለበት አየር ከሙጫው፣ ከእጅ ላብና ከወረቀቱ አሲድ ጋር እየተገናኘ መዳቡ ይለወጣል፤ አንዳንዱ ቦታ ይጠቁራል፤ አንዳንዱ ቦታ ደግሞ በአሮጌ የናስ ዕቃ ላይ እንደምናየው አረንጓዴ ያወጣል። ጉዳቱም ላዩ ላይ አይቆምም። ከናሱ የሚወጣው መዳብ ወረቀቱን በዝግታ የሚያቃጥል ያህል ነው፤ የልጡ ክር በአየር የሚደርስበትን መበላት ያፋጥነዋል፤ በዚህ የተነሣ ናስ በበዛበት ሥዕል ጀርባ ላይ የናሱ ቅርጽ ቡናማ ሆኖ ይወጣል፤ እየቆየም ወረቀቱ እዚያ ላይ ይሰባበራል። ብር ከመዳብ ይልቅ በድኝ ይሸነፋል፤ ከከሰል ጭስ፣ ከሱፍ ጨርቅ፣ ከጎማ የሚወጣው ጥቂት ድኝ እንኳ ያጠቁረዋል። ቆርቆሮ ከሁሉም ይታገሣል። ብርማ ቦታቸው እስከ ዛሬ ሳይጠቁር ግራጫ ብርሃኑን የያዘ ሥዕሎችን ስናይ፣ አታሚው ከብር ይልቅ ቆርቆሮን የመረጠበት ጊዜ መሆኑን መጠርጠር ይቻላል። ለማረጋገጥ ደግሞ ሙዚየሞች ከወረቀቱ ቅንጣት ሳይወስዱ በኤክስሬይ የሚለዩበት መሣሪያ አላቸው፤ ጨረሩ ሲያርፍበት እያንዳንዱ ማዕድን በራሱ መጠን ይመልሳልና መዳብ፣ ዚንክ፣ ቆርቆሮ ወይም ብር መሆኑ ይታወቃል።

የዕፅዋት ቀለሞች ጠላታቸው ሌላ ነው። በቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም በ1921 በስጦታ የገባ፣ ከ6,000 በላይ የጃፓን ሥዕሎች ያሉበት የስፖልዲንግ ስብስብ አለ፤ ሰጪዎቹ ሥዕሎቹ በምንም ጊዜ ለሕዝብ እንዳይሰቀሉ ቃል አስገብተው ነው የሰጡት። ምክንያታቸው ብርሃን ነበር፤ ከአበባ የሚወጣው ሰማያዊና ቀይ በብርሃን ስለሚሞት፣ በጨለማ በመቀመጣቸው ዛሬ ሐምራዊው እንኳ እንደ ትናንት ነው ይባልላቸዋል። ናስ ግን በጨለማ ቢቀመጥም አየሩ ካገኘው ይጠቁራል። በአንድ ወረቀት ላይ አንዱ ብርሃንን፣ ሌላው እርጥበትን እየፈራ አብረው ይኖራሉ፤ ሥዕል አስቀማጭ የሆነ ሰው ሁለቱንም ማገልገል አለበት።

በዚህ ላይ የደረሰብኝን ልናገር። ሥዕሉን ከዚያ ቤት ሳወጣው ከኋላው የተደገፈበት ካርቶን ተራ የዕቃ ማሸጊያ ነበር፤ ፍሬሙ ላይ የነበረውን የሱቅ ወረቀት አይቻለሁ፤ ስሙን አልጠራም። ወረቀቱ በአራቱም ጥግ በፕላስተር ተጣብቋል፤ ፊቱ ደግሞ ምንም ክፍተት ሳይተውለት በቀጥታ መስተዋቱን ነክቷል። እንዲህ ያለ ሥዕል በመስተዋትና በወረቀቱ መካከል አየር እንዲኖር ተደርጎ፣ አሲድ በሌለው ካርቶን ተይዞ፣ በጃፓን ወረቀት ማጠፊያና በስንዴ ልጥፍ ብቻ ነው የሚንጠለጠለው። ይህን ባልጠበቀው ባለሙያ መቆጣቴን አልደብቅም፤ ይህ ሥራ የእኔም ሥራ ነውና። ከመስተዋቱ በማላቅቅበት ጊዜ የናሱ ብናኝ ከማዕበሉ አንድ ጥግ ላይ ተነሥቶ መስተዋቱ ላይ ቀረ፤ ያ ቦታ አሁን ቢጫው ብቻ ነው የሚታየው። እጄ ላይ የሆነውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከዚያ ወዲህ ናሱን ልጥረገው፣ ላጽዳው የሚል ሐሳብ መጥቶብኝ አያውቅም፤ የጠቆረው ዱቄትና የሚያበራው ዱቄት አንድ ዱቄት ስለሆነ፣ ጥቁረቱን የሚጠርግ ሰው ብርሃኑንም ይጠርገዋል።

ከጥቂት ወራት በኋላ ወረቀት በመጠገን ሥራ ዕድሜዋን ያሳለፈች አንዲት ሴት ሥዕሉን አይታልኝ፣ ከሜይጂ ዘመን ቅጂዎች አንዱ ሳይሆን እንደማይቀር ነገረችኝ። ሜይጂ በ1868 የጀመረው ዘመን ነው፤ በ1890ዎቹ ገደማ የድሮዎቹ ሱሪሞኖዎች በአዲስ ሳንቃ እንደገና ተቀርጸው፣ በጥሩ ወረቀት፣ ከነናሳቸውና ከነጉብታቸው ታትመው ነበር፤ ብዙ ሰብሳቢዎችም ከመጀመሪያዎቹ ሳይለዩዋቸው ኖረዋል። ከሚለዩባቸው ምልክቶች አንዱን ሴትዮዋ በጽሕፈቱ ላይ አሳየችኝ፤ በብሩሽ የተጻፈ ፊደል ሲጨርስ የሚሳሳበት ቦታ በእኔ ሥዕል ላይ ደነዝ ብሎ ይቆማል፤ ቀራጩ የሌላ ቀራጭ ሥራ ተከትሎ እንደቀረጸ ያሳብቃል። እውነት ለመናገር ያን ቀን ከፋኝ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ያቺን አበባው ላይ የወደቀች ቅንጣት አሰብሁ። የመጀመሪያው አታሚ ባይነሰንሳትም የነሰነሳት ሰው ነበረ፤ እርሱም እርጥብ ሙጫ ሳይደርቅበት ቸኩሏል፤ እርሱም ሲጨርስ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዘንብሎ ሳያይ አልለቀቀውም። ኒውዮርክ ያለው የሜትሮፖሊታን ሙዚየም በ1929 በኑዛዜ ከገባው የሃቭማየር ስብስብ ብዙ ሱሪሞኖ አለው፤ ምስላቸውን በድረ ገጹ ላይ ሰው ሁሉ እንዲያየው ከፍቶታል። እኔም የቅጂንና የመጀመሪያን መስመር ማነጻጸር የተማርሁት በእነርሱ ነው። መስመሩን ከምስል መማር ይቻላል፤ ናሱን ግን አይቻልም። ጥሩ ካሜራ ያነሣው ፎቶ እንኳ ወይ አብርቶ ያሳየዋል፣ ወይ ጠቁሮ ያሳየዋል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ አያሳየውም።

ሥዕሎቹ በተሠሩበት ዘመን ደግሞ ዋናው ነገር ያ መሄዱ ነበር። ሱሪሞኖ በግድግዳ የሚሰቀል አልነበረም፤ ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ ሰው በእጁ ይዞ የሚያነበው ነው። የምሽቱ ብርሃን በወረቀት ከተሸፈነው፣ አንዶን ከሚባለው የዘይት ፋኖስ ወይም ከሻማ የሚመጣ ሲሆን ከጎን ዝቅ ብሎ ነው የሚያርፈው። እንዲህ ባለው ብርሃን ተራው ቀለም ይደበዝዛል፤ ናሱና ብሩ ግን ያቺን ጥቂት ብርሃን ሰብስበው ይመልሳሉ። ግጥሙን ለማንበብ ወረቀቱ ትንሽ ሲነሣ ጽዋው ይበራል፤ ጎን ለተቀመጠው ሲሰጥ ማንቆርቆሪያው ይበራል፤ ያለ ቀለም የተዳመጠው አበባም ጥላው ከጎን ሲወድቅበት ያን ጊዜ ብቻ ይታያል። አታሚው ያተመው አንድ ሥዕል ቢሆንም የሚታየው ብዙ ነው። ዛሬ እነዚህን ሥዕሎች ከጣሪያ በሚወርድ ነጭ መብራት፣ ቀጥ ባለ ግድግዳ ላይ፣ ከመስተዋት ጀርባ ስናያቸው፣ እኅቴ እንዳየችው ቡናማ እድፍ ቢመስሉን አይደንቅም። በሙዚየም አንድ ሱሪሞኖ ሲገጥመኝ ጉልበቴን እያጠፍሁ ዝቅ ከፍ እላለሁ፤ ወረቀቱ መንቀሳቀስ ካልቻለ እኔ እንቀሳቀሳለሁ። እንዲህ ሳደርግ ከጎኔ የቆሙ ሰዎች አንድ ሁለት ጊዜ አይተውኝ እነርሱም ዝቅ ብለው ሲያዩ፣ ከዚያም በድንጋጤ ትንፋሽ ሲስቡ ሰምቻለሁ።

የእኔን ሥዕል መልሼ ፍሬም አላደረግሁትም። አሲድ በሌለው ካርቶን በተሠራ እጥፍ ማቀፊያ ውስጥ፣ በላዩ ስስ ወረቀት ለብሶ፣ ደረቅ መሳቢያ ውስጥ ይተኛል። እንግዳ ሲመጣ፣ ቡናው ከተነሣና እጅ ከታጠበ በኋላ፣ የጣሪያውን መብራት አጥፍቼ የጠረጴዛዋን ብቻ እተዋለሁ፤ ከዚያ ማቀፊያውን እንግዳው እጅ ላይ አደርገዋለሁ። «ዘንበል አድርገው» ከማለት በቀር ምንም አልናገርም።

ያንን የዕቃ ማሸጊያ ካርቶን ግን አልጣልሁትም። ሥዕሉን ካነሣሁለት በኋላ ገልብጬ ሳየው፣ ናሱ በወረቀቱ ውስጥ አልፎ ካርቶኑ ላይ ደርሶ ነበር፤ ጽዋው፣ የጽዋው ጠርዝ፣ ሦስቱም ማዕበሎች በቡናማ ታትመዋል። ማንቆርቆሪያው የለም፤ ቆርቆሮ ስለሆነ ይሆናል። አበባውም፣ ግጥሙም የለም። ጽዋው ብቻ አለ፤ ያለ ሳንቃ፣ ያለ ባሬን፣ ያለ ሰው እጅ በዓመታት ብዛት የታተመ። ካርቶኑን ከሥዕሉ በራቀ ሌላ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።